የሥራ ውል ላይ ያለች የግልግል አንቀጽ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የሥራ ውል ይዘውልኝ የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጨረሻው ገጽ ላይ ያለች አንዲት አንቀጽ በጣታቸው ያሳዩኛል። «ማንኛውም አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይፈታል» ትላለች፤ ፍርድ ቤት ሳይሆን ተከራካሪዎቹ የመረጡት ሰው ይወስናል ለማለት ነው። አሠሪው «ይህች አለችኝ» ብሎ ይተማመንባታል። ሠራተኛው «ይህች አለችብኝ» ብሎ ይፈራታል። ሁለቱም ያበዙታል።

አንቀጿን አይቶ ዝም ብሎ መቀመጥ

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉ የመጋዘን ሠራተኛ ቢሮዬ መጡ። ዘጠኝ ዓመት ያገለገሉበት ድርጅት አሰናብቷቸዋል።

«ጋሼ፣ ደብዳቤው የደረስዎ መቼ ነው?»

«ሦስት ወር ከአሥር ቀን ሆነው ልጄ።»

«እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

«ውልህ ላይ ግልግል አለ፣ ፍርድ ቤት አያይህም አሉኝ። ገላጋይ ምረጡልኝ ብዬ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። እየመከርንበት ነው ይሉኛል።»

ልቤ ተሰበረ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሕግ ውጪ የተሰናበተ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚለውን ክስ ማቅረብ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው። እኚህ ሰው በአሥር ቀን አለፋቸው። ውሉ በመቋረጡ የሚጠየቁ ክፍያዎች 6 ወር ስላላቸው እነሱን ይዘን ሄድን። እሳቸው ግን የፈለጉት ሥራቸውን ነበር።

ለድርጅቱ የተጻፈ ደብዳቤ ይርጋን፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ፣ አያቆምም። ሦስትም ይሁን ሠላሳ። ይርጋ የሚቋረጠው በዋናነት ጉዳዩ የሥራ ክርክርን ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው የተጠየቀውን መብት በጽሑፍ ሲያምን ነው። «እየመከርንበት ነው» ማመን አይደለም።

ደግሞ በሩ ተዘግቷል ያለው ማን ነው? የሥራ አዋጁ ተከራካሪዎች በመረጧቸው ገላጋዮች ወይም አስታራቂዎች እንዲዳኙ ይፈቅዳል። በዚያ መንገድ ስምምነት ካልተደረሰ ግን ቅር የተሰኘው ወገን ወደ ቦርዱ (የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ) ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ለማወቅ ያንኑ አዋጅ ማንበብ ይበቃል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቀኑ ሳያልፍ ክሳችሁን አስገቡ። አሠሪው የግልግል አንቀጹን ካነሳ ክርክሩ እዚያው ይሰማ። ክስ አስገብቶ መከራከር ይቻላል። ያለፈን ቀን መመለስ ግን አይቻልም።

መቃወሚያን ማዘግየት

ይሄኛው የአሠሪ ጠበቆች ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። የግልግል ስምምነት መኖሩ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 244 መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው። ስሙ እንደሚለው መጀመሪያ ላይ ይነሳል። በጊዜው ያላነሳ እንደተወው ይቆጠራል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ስለ ስንብቱ ምክንያት ረዥም መልስ ጽፌ አስገባሁ። ምስክር ከተሰማ በኋላ ውሉን ደግሜ ሳነብ አንቀጿን አየኋት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ተነስቼ አመለከትኩ። ዳኛዋ «ይህንን ዛሬ ነው ያዩት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ደንበኛዬም ያንን ቀን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ አንድም የመከላከያ መልስ ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ሳላነብ አልጽፍም።

ከሌላ ውል የተቀዳ አንቀጽ

ከግንባታ ወይም ከዕቃ አቅርቦት ውል ተገልብጦ የሥራ ውል ላይ የሚለጠፍ አንቀጽ ሞልቷል። ስንት ገላጋይ? ማን ይመርጣቸዋል? የት ይቀመጣሉ? አበላቸውን ማን ይከፍላል? ምንም አይልም። «በግልግል ወይም በፍርድ ቤት ይታያል» የሚልም አጋጥሞኛል። ያ አንቀጽ ለማንም አልጠቀመም። ተዋዋዮቹ ዋናውን ጉዳይ ሳይነኩ ወራት የፈጁት አንቀጹ ምን ማለት እንደሆነ ሲከራከሩ ነው።

ሽምግልናን፣ ዕርቅንና ግልግል ዳኝነትን ማደባለቅ

ሽማግሌ ያግባባል፤ ካልተስማማችሁ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ። የግልግል ዳኛ ግን ማስረጃ ሰምቶ ይወስናል። አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም ግልግል ዳኝነትንና ዕርቅን ለየብቻ ነው የሚደነግጋቸው። «በሽምግልና ይፈታል» የሚል ውል ይዞ ግልግል ዳኝነት ተስማምተናል ማለት አያዋጣም። የትኛውን እንደፈለጋችሁ በስሙ ጻፉት።

ገላጋዩን አሠሪው ብቻ እንዲመርጥ ማድረግ

«ገላጋዩን የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ይሰይማል» የሚል ውል በዓይኔ አይቻለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቀድሞ አንቀጽ 3335 እንኳ በገላጋይ ምርጫ አንዱን ወገን የሚያስበልጥ ስምምነት ዋጋ አልነበረውም። አሠሪዎች፣ እንዲህ ብላችሁ ስትጽፉ አንቀጹን የምታፈርሱት ራሳችሁ ናችሁ።

በግልግል ስም ከሕጉ በታች መውረድ

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ገላጋይ ተቀመጠ ተብሎ 10 አይሆንም። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበት የግልግል ውሳኔ ሰበር ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ወጪውን አለማስላት

ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ አያስከፍልም። ገላጋይ ግን ይከፈለዋል። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃን ሠራተኛ «የገላጋዩን ግማሽ አበል አምጣ» ማለት መብቱን ተው ከማለት አይለይም። ግልግል የምትፈልጉ አሠሪዎች ወጪውን እኛ እንችላለን ብላችሁ ጻፉ።

የቱ ሕግ እንደሚገዛችሁ አለመጠየቅ

የሥራ መሪ ከሆናችሁ የሥራ አዋጁ አይመለከታችሁም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚገዛችሁ። ከላይ የጠቀስኳቸውም የአዋጁ የጊዜ ገደቦችና ጥበቃዎች የእናንተ አይደሉም። የመደቡ ስም ብቻውን አይወስንም። «ኃላፊ» ተብሎ አንድም ሰው የማይቀጥር፣ የማያሰናብት፣ ፖሊሲ የማያወጣ ሠራተኛ ብዙ አለ። የምትሠሩት ሥራ ምን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ሰብስቡ። ጥያቄው የብዙ ሠራተኞች የጋራ ከሆነ ደግሞ የወል ክርክር ስለሆነ መንገዱ ወደ ቦርድ ነው፤ ማኅበራችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ።

ወደ ጠበቃ ስትመጡ ውሉንና የስንብት ደብዳቤውን አብራችሁ አምጡ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀንና እጃችሁ የገባበት ቀን ከተለያየ፣ የተቀበላችሁበትን ቀን የሚያሳየውን ፊርማ ወይም ፖስታ አትጣሉት። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እሱን ነው።