ጥቅሱ እስከ ማታ እንዲቆይ፦ የዕለት ጥሞና አያያዝ

ጠዋት ስለ ፍቅር አንድ ጥሩ ሐሳብ አንብቦ ልብን ማሞቅ ቀላል ነው። ረፋድ ላይ ሰው ሲያስቆጣን ግን ያ ሐሳብ የት እንደገባ አናውቅም። ብዙዎች ይህን የእምነታቸው ድክመት አድርገው ይወስዱታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉድለቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ንባቡ ይበዛል፣ ጥያቄው ይደበዝዛል፣ ከጥሞናው ቀኑን የሚነካ አንድም ተግባር አይወጣም። እዚህ የምናቀርበው አሠራር ጠዋት 15፣ ማታ 7 ደቂቃ ይፈልጋል። የየትኛውም እምነት ተከታይ ከራሱ ጸሎትና ከራሱ ቅዱስ መጽሐፍ ጋር ሊያስማማው ይችላል።

ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀምራል

የሚያነቡትን ማታውኑ ይምረጡ። ጠዋት ለመምረጥ ከተነሡ ግማሹ ጊዜ ገጽ በመግለጥ ያልቃል፤ ይባስ ብሎም የሚያባብለንን ብቻ እየመረጥን የሚገሥጸንን እንዘልላለን። ከ3 እስከ 6 መስመር ይበቃል። ያንኑ ንባብ 3 ቀን ይቆዩበት፤ በመጀመሪያው ቀን የምናየው ቀድሞ የምናውቀውን ነው፣ አዲሱ ነገር ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰዓቱን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ያያይዙት፤ ለምሳሌ ፊትዎን ከታጠቡ በኋላ፣ ስልክ ከመክፈትዎ በፊት። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ደብተርና እስክሪብቶ ካለ ሌላ የሚያስፈልግ የለም። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቆይ።

የጠዋቱ 15 ደቂቃ

የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች ለትንፋሽ ይስጡ። እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ፤ 12 ጊዜ ያህል ማለት ነው። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ረገብ ስለሚል፣ ማስወጣቱ ሲረዝም ሰውነት ይሰክናል። ካዞረዎት ከልክ በላይ በጥልቀት እየሳቡ ነውና ቆጠራውን ትተው እንደ ወትሮው ይተንፍሱ።

ቀጣዮቹ 6 ደቂቃዎች የንባብ ናቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው መነኩሴ ዳግማዊ ጊጎ መንገዱን በአራት ደረጃ አስቀምጦታል፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በመጨረሻም በዝምታ መቆየት። በተግባር ሲሆን መጀመሪያ ድምፅ አውጥተው፣ ለጆሮዎ ያህል ያንብቡ። ሁለተኛ ጊዜ ሲያነቡ አንድ ቃል ወይም ሐረግ ከያዝዎት እዚያው ይቁሙ፤ ወደ ፊት ለመሄድ አይቸኩሉ። ሦስተኛውን ንባብ በጥያቄ ያንብቡ። ጥያቄው የሰው ስም ይኑርበት። «ፍቅር ምንድን ነው?» ብለን ከጠየቅን ለራሳችን ስብከት እንሰብካለን። «ትናንት ሳኮርፍ ንግግሩን ያቋረጥኩበትን ወንድሜን ዛሬ እንዴት ላናግረው?» ስንል ግን ንባቡ ሥራ ይጀምራል። ከዚያ 2 ደቂቃ በጸሎት ወይም በዝምታ ይቀመጡ።

በቀሪዎቹ 5 ደቂቃዎች ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የያዘኝ ቃል፣ የሚነካው ሰው ወይም ጉዳይ፣ ዛሬ የማደርገው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። «ዛሬ ታጋሽ እሆናለሁ» ተግባር አይደለም፤ መፈጸሙ በምን ይታወቃል? «ስብሰባው ላይ ባልደረባዬ ቢቃወመኝ፣ ተናግሮ እስኪጨርስ አላቋርጠውም» ግን ተግባር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልቪትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ የታቀደ ነገር በደፈናው ከተመኘነው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ሰፊ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱም ጊዜው ሲደርስ አጋጣሚው ራሱ ያስታውሰናል። በቀን አንድ ተግባር ብቻ ይያዙ።

ፍቅርን ማለማመድ

በሳምንት 2 ቀን ንባቡን ትተው፣ ለሰዎች በጎ በመመኘት ያሳልፉት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የቡድሃ እምነት መምህር የነበረው ቡድሃጎሳ ልምምዱ በጠላት እንዳይጀመር አስጠንቅቋል፤ ከራስ ይነሣል፣ ወደሚከበርና ወደሚወደድ ሰው፣ ከዚያ በደግም በክፉም ወደማናውቀው ሰው፣ በመጨረሻ ወዳስቀየመን ይሄዳል። ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ይስጡ፤ ፊቱን እያሰቡ «ሰላም ይሁንልህ፣ ከመከራ ይጠብቅህ፣ ልብህ ይረፍ» ይበሉ። የእምነትዎ ጸሎት የራሱ ቃል ካለው በእሱ ይጠቀሙ።

በጣም ከጎዳን ሰው ስንጀምር የሚሆነው ግልጽ ነው፦ በ1 ደቂቃ ውስጥ በደሉን እንደገና መቁጠር እንጀምራለን፤ ጥሞናው ለቂም ማገዶ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አራተኛውን ደረጃ ይዝለሉት። ሲደርሱበትም ቀላሉን ቅሬታ ያስቀድሙ፤ ተራ የዘለለብዎትን፣ ሰላምታ የነፈገዎትን ሰው። ልብ ካልሞቀ አይደንግጡ። የሚጠበቀው በጎ ፈቃድ እንጂ ስሜት አይደለም፤ ስሜቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር፦ ለበደለን ሰው በጎ መመኘት ወደ እሱ ተመልሶ መኖር ማለት አይደለም። የሚማታ ወይም የሚያስፈራራ ሰው ካለ፣ በሩቅ ሆኖ መልካም መመኘት ይቻላል፤ ደኅንነትዎ ግን ይቀድማል። ይቅርታን ምክንያት አድርጎ ሰውን ወደ አደጋ የሚመልስ ምክር አይቀበሉ።

የማታው 7 ደቂቃ

አልጋ ላይ ሆነው አይጀምሩ፤ እንቅልፍ ይቀድምዎታል። ስፔናዊው የካቶሊክ ካህን ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረው የሕሊና ምርመራ አምስት እርምጃ አለው፦ ማመስገን፣ ራስን በትክክል ለማየት ብርሃን መለመን፣ ቀኑን በየሰዓቱ መከለስ፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ለነገ መወሰን። ምስጋናው መጀመሪያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥፋት የሚጀምር ሰው እዚያው ተቀርቅሮ ያድራል፤ ከምስጋና የሚጀምር ጥፋቱን ለማየት አቅም ያገኛል።

በክለሳው ጊዜ ጸጸትንና ራስን መኮነንን ይለዩ። ጸጸት አንድን ድርጊት በስሙ ጠርቶ መጠገኛ ይፈልጋል፤ ኵነኔ ሰውየውን በሙሉ ይጥላል። መለያው ቀላል ነው፦ «ሁልጊዜ»፣ «መቼም»፣ «እኔ እኮ የማልረባ» የሚሉ ቃላት ደብተሩ ላይ ካዩ ሰርዘው ሰዓቱንና ድርጊቱን ብቻ ይጻፉ፦ «ከምሳ በኋላ ልጄ ላይ ጮኽኩ»። የበደሉት ሰው ካለም ነገ በስንት ሰዓት ይቅርታ እንደሚጠይቁት ይጻፉ። ውስጥን በማሰላሰል ብቻ እርቅን ማምለጥ የጥሞና ትልቁ ወጥመድ ይመስለናል፤ ሰላም የመጣ ያስመስላል፣ የተበደለው ሰው ግን እንደተቀየመ ነው።

መንገዱ ሲከብድ

ሐሳብ መባዘኑ ውድቀት አይደለም። መባዘኑን አውቆ ሳይቆጡ መመለስ ራሱ ልምምዱ ነው። የሚደጋገም የሥራ ጉዳይ ካለ በዳር አንድ ቃል ጽፈው ይቀጥሉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሰልቸት ይመጣል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው አባ ኤቫግርዮስ ይህን ፈተና በደንብ ገልጾታል፦ ቀኑ አይመሽም፣ ቦታው ያስጠላል፣ ሌላ ቦታ መሄድ ያሰኛል። በዚህ ጊዜ ዘዴ መቀያየር አይጠቅምም፤ ደቂቃውን ወደ 5 ዝቅ አድርገው በዚያው ሰዓትና ወንበር ይቆዩ። ያመለጠ ቀን ሲኖርም በማግስቱ እጥፍ ለመሥራት አይሞክሩ፤ ዕዳ የሆነ ጥሞና በቶሎ ይተዋል።

ዝም ብለው ሲቀመጡ የሚያሸብር ትዝታ ከመጣ ዓይንዎን ይግለጡ፣ እግርዎ መሬቱን ሲነካ ልብ ይበሉ፣ ለዚያ ቀን ያቁሙ። ሐዘኑ ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀና እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካጠፋ፣ ወይም በሕይወት መቆየትን ካስጠላዎት፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ይህን ጥሞና ብቻውን እንዲሸከመው አይተዉት።

በሳምንት አንዴ ደብተሩን ለ20 ደቂቃ መልሰው ያንብቡ። የሚደጋገም ስም፣ የሚደጋገም ሰዓት ይፈልጉ። ቁጣው ሁሌም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ችግሩ ምናልባት ድካም ወይም ረኃብ ነው፤ መፍትሔውም ከንባብ ይልቅ ዕረፍት ሊሆን ይችላል። እድገትን ወንበሩ ላይ በሚሰማዎት እርጋታ አይለኩት። ከተጣሉ በኋላ ለመታረቅ የሚፈጅብዎት ጊዜ ካለፈው ወር ማጠሩን ይመልከቱ። ካላጠረ ለመጪው ወር አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፦ ንባቡን፣ ሰዓቱን ወይም የተግባሩን መጠን።