"ይሄ ጥቁሩ አይከብድም?" ማዱሮ ሲጋር ሲቀመስ የማያቸው ስህተቶች

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሲጋር ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ስምንት ዓመት ቆሜያለሁ። ሐበሻ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ እኔን አይቶ ይገረማል። ቀጥሎ መደርደሪያውን ይቃኛል። ከዚያ ጣቱን ወደ ጥቁሩ ሲጋር ይቀስርና ያቺኑ ጥያቄ ያመጣታል። "እህቴ፣ ይሄ ጥቁሩ አይከብድም?"

ስንት ጊዜ እንደመለስኩት ፈጣሪ ይቁጠረው። ዛሬ በጽሑፍ ልመልሰውና ልገላገል።

አይከብድም። ማለቴ፣ ሊከብድም ላይከብድም ይችላል፤ ቀለሙ ግን አይነግራችሁም። ጥቁሩ ሲጋር ማዱሮ ይባላል፤ በስፓኒሽ "የበሰለ" ማለት ነው። የበሰለው ደግሞ ሲጋሩን እንደ ልብስ የሚሸፍነው የላይኛው ቅጠል ነው። ለዚህ የሚመረጠው ወፍራም ቅጠል ነው፤ የአሜሪካው ኮነቲከት ብሮድሊፍ፣ የሜክሲኮው ሳን አንድሬስ፣ የብራዚሉ ማታ ፊና። ቅጠሉ እርጥበት ተሰጥቶት ይከመራል። ክምሩ ልክ እንደ ፍግ ከውስጥ በራሱ ይግላል፤ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። እየተገላበጠ ወራት ይቆያል። አሞኒያው ይወጣል፣ ምሬቱ ይለዝባል፣ ቀለሙ ይጠቁራል። ጠላ ቤት ያደገ ሰው ይሄ ሊገባው ይገባል። ጠላ የሚጠቁረው አሻሮው በደንብ ስለታመሰ ነው እንጂ ስለሚያሰክር አይደለም።

ጉልበቱ፣ ማለትም ኒኮቲኑ፣ በአብዛኛው ያለው በላይኛው ቅጠል የተጠቀለለው ሆዱ ውስጥ ነው። ከትንባሆው ተክል አናት ላይ የሚለቀመው፣ ፀሐይ የጠገበው ቅጠል ሊገሮ ይባላል። እሱ ሲበዛ ሲጋሩ ይከብዳል። ላዩ የገረጣ ቢጫ ይሁን፣ ከሰል ይምሰል፣ ለሊገሮ ግድ የለውም።

አንድ ጋሼ ነበሩ። ጥቁሩን በእጃቸው ገፉትና አንድ ወርቅማ ሲጋር አነሱ። "ጋሼ፣ ከባዱ እሱ ነው" አልኳቸው። "ተይ ልጄ፣ ዓይን አለኝ" አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግንባራቸው በላብ ተነከረ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ይዤ ሮጥኩ። ጎንበስ ብለው ሲጠጡ "አንቺ ምን ሰጠሽኝ?" አሉኝ። እኔ!

ካላመናችሁኝ ፈትኑት። ሆሴ ኦርላንዶ ፓድሮን በ1964 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ የመሠረተው ቤት ሲጋሮቹን በናቹራልም (ላዩ ፈካ ባለው) በማዱሮም ይሸጣል። መጠናቸው አንድ የሆነ ሁለት ግዙ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ሰው ያቀብላችሁ። ማዱሮው ብዙ ጊዜ ጣፈጥ፣ ወፈር ብሎ ይመጣል። ሰው "ከባድ" የሚለው ይሄንን የጣዕም ውፍረት ነው። ጣዕም ሲወፍርና ኒኮቲን ሲበረታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

"ጥቁር ከሆነ ምርጥ ነው" የሚሉትም አሉ። ቀለም የሚቀቡ አምራቾች መኖራቸውን አይርሱ። ትንሽ ቡናማ ነገር ጣት ላይ ቢቀር የቅጠሉ ቅባት ነው። እንደ ጫማ ቀለም ከንፈር የሚያጠቁር ከሆነ ግን ተጠራጠሩ።

ክትፎ በሚጥሚጣ በልታችሁ ወዲያው አትቅመሱ። በባዶ ሆድም አትቅመሱ።

ስትቆርጡ አፍ ውስጥ የምትገባውን ዝግ ጫፍ ብቻ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል። ጫፏን የሚዘጋው ቁራጭ ቅጠል፣ ቆቡ፣ ከሥሩ ከተነሳ ቅጠሉ እንደ ተፈታ ፋሻ ይተረተራል።

ወደ እሳቱ እንሂድ። የማዱሮ ቅጠል ወፍራምና ቅባታም ስለሆነ ቶሎ አይያዝም። ጀማሪው ይሄን አያውቅም። ላይተሩን እንደ በያጅ አስጠግቶ ጫፉን ያከስለዋል፣ በዚያው ሳብ ሳብ ያደርጋል፣ ከዚያ ፊቱን አጨማዶ "ይመራል" ይላል። አንተ ነህ ያሳረርከው! ነበልባሉን ራቅ አድርጉና ጫፉን እያዞራችሁ አሙቁት። ዙሪያው እኩል ሲቀላ ያኔ ሳቡ። በቤንዚን ላይተር አታብሩ፤ ቤንዚኑን ነው የምትቀምሱት። ከማብራታችሁ በፊት ደግሞ ደረቁን አንድ ሁለቴ ሳቡት። ዘቢብ ወይም ተምር የሚመስል ነገር ምላስ ላይ ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው። ጭራሽ አየር የማያሳልፍ ከሆነ ችግሩን ሳይበራ አወቃችሁት።

ሲጋራ አጫሾች፣ ይሄኛው ለእናንተ ነው። ሲጋር አይማግም። ጭሱ አፍ ውስጥ ይቆያል፣ ይወጣል፤ ሳንባ አይገባም። (አለመማግ ጤናማ ያደርገዋል ማለት አይደለም፤ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ሳንባን አይጠብቅም። ይሄን እያወቅኩ ነው የምጽፈው።) በደቂቃ አንዴ ሳብ ማድረግ ይበቃል። በየአሥር ሰከንዱ ከሳባችሁት ይግላል፣ የግለ ሲጋር ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ የተቃጠለ ወረቀት። ባለፈው አንድ ልጅ በሃያ ደቂቃ ጨርሶ መጣና "ምንም የተለየ ነገር የለውም" አለኝ። የሰዓት ተኩል ሲጋር ነበር።

መጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ላይ ፍርድ አትስጡ። ለሦስት ከፍላችሁ አስቡት። መጀመሪያ ላይ ቁንዶ በርበሬው ያይላል፣ መሃሉ ላይ ጣፋጩ ይመጣል፣ መጨረሻው ይጠነክራል። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፤ ሳይለወጥ የሚያልቅም አለ፤ የቀመሳችሁትን ስትመዘግቡ ያንንም ጻፉት።

አሁን ወደምወደው ነገር። አብዛኛው ጣዕም የሚገኘው አፍንጫ ውስጥ ነው። አፋችሁ ውስጥ ካለው ጭስ ትንሿን፣ በጣም ትንሿን፣ ቀስ ብላችሁ በአፍንጫ አስወጡ። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ሦስተኛው አራተኛው ላይ በር ይከፈታል።

በሩ ሲከፈት ደግሞ ሰው የሳጥኑን ጽሑፍ ማንበብ ይጀምራል። ይሄ ያናድደኛል። አንዲት ጎበዝ ልጅ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና "ኮረሪማ ኮረሪማ ይለኛል" አለች። ልቤ ዘለለ። ከዚያ ወረቀቱን አየችና አፍራ "አይ፣ ሴዳር ነው መሰለኝ" ብላ አስተካከለች። ሴዳር የሚባለው እንጨት ሸትቷት ያውቃል? አያውቅም! በኋላ እርሳስ ቀርጬ ፍቅፋቂውን አስሸተትኳት። "እንዴ፣ ይሄማ የትምህርት ቤት ሽታ ነው" አለች። እሱ ነው ሴዳር ማለት። የቡና ቁሌት፣ በሶ፣ የአዲስ ጫማ ቆዳ፣ ወይራ የታጠነ እንስራ፤ እነዚህን እየሸተተ ያደገ አፍንጫ ይዛችሁ የሰው ቃል አትዋሱ። ስትጽፉ በራሳችሁ ጻፉ። በዓመቱ ስታነቡት የሚገባችሁ እሱ ነው።

የእኔን ጥፋትም ልናገር። ለወንድሜ ሠርግ በጥር አዲስ አበባ ስገባ አምስት ማዱሮ ይዤ ነበር። ከሻንጣ አወጣሁና ቡፌው ላይ አሥር ቀን አስቀመጥኳቸው። አዲስ አበባ በበጋ አየሯ ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ረስቼዋለሁ፤ ውጭ ስኖር ከንፈሬ እንኳ ተሰነጣጥቆ አያውቅም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነውና የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ወጥተን ተቀመጥን። ንፋስ አለ። ስለ መብሰል፣ ስለ ክምሩ፣ አንድ ሰዓት አስተማርኳቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን ስቆርጥ ቅጠሉ እንደ ድርቆሽ ተፈረካከሰ። የተረፈው ሲበራ በአንድ ጎኑ ነደደ። አጎቴ በትህትና ሁለቴ ሳቡና መተርኮሻው ላይ አስቀመጡት። እኔ ደግሞ፣ አፍራለሁ፣ "የፋብሪካ ችግር ነው" አልኩ።

ሲጋር የሚመቸው ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ነው። ውድ ሣጥን አያስፈልግም። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ዕቃ ውስጥ እርጥበት የሚቆጣጠረውን ትንሽ ፓኬት አብራችሁ ክተቱ፤ 65 ወይም 69 የሚል የተጻፈበትን። በርበሬ የነበረበት ዕቃ ግን አይሆንም፤ ሲጋር ሽታ ይስባል። ከመንገድ የመጣውንም ከመቅመሳችሁ በፊት ጥቂት ሳምንት አሳርፉት። ንፋስ ባለበት ቦታ ደግሞ ደረጃ አታውጡ፤ ንፋሱ ነው አብሯችሁ የሚያጨሰው።

አመዱን በየደቂቃው አታራግፉ። ረጅም አመድ ይዞ ፎቶ መነሳትም የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ ሱሪ ነው የሚያበላሸው።

ጣት እስኪያቃጥል መታገል ደግሞ አለ። "ሃያ ዶላር አውጥቼበት?" ይላሉ። ሲግልና ሲመር አልቋል ማለት ነው። እንደ ሲጋራ አትደፍጥጡት፣ ቤቱን ያገማዋል። አስቀምጡት፤ በራሱ ይጠፋል።

ጋሼ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ጥቁሩን ነው የሚገዙት። ኮት ኪሳቸው ውስጥ ግን ሁለት የስኳር ከረጢት አይጠፋም።