በጋራ ፕሮጀክት የኮድ አጻጻፍ ወጥነት ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ አንድ መስመር ብቻ ታርሞ ፋይሉ በሙሉ የተቀየረ መስሎ ይታያል።

በቅድሚያ ክፍት ቦታን ከቁጥር ሳያስገቡ ልዩነቱን ማየት ያስፈልጋል፤ በጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው ፕሮግራም) ይህ የሚደረገው ዲፍ በሚለው ትእዛዝ ላይ ሰረዝና ትንሿን ደብልዩ በመጨመር ነው። ያ ሁሉ ለውጥ ጠፍቶ የታረመችው መስመር ብቻ ከቀረች፣ ችግሩ ያለው በመስመር መጨረሻ ምልክት ወይም በኢንደንቴሽን (መስመር ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲጀምር በሚተውለት ክፍት ቦታ) ላይ ነው። ዊንዶውስ በተለምዶ መስመርን የሚዘጋው ቁጥራቸው 13 እና 10 በሆኑ ሁለት ቁምፊዎች ሲሆን፣ ሊነክስና ማክ ግን በ10 ብቻ ስለሚዘጉ፣ ገሚሱ በዊንዶውስ ገሚሱ በማክ የሚሠራ ቡድን ማንም ሳያጠፋ አንዱ የሌላውን ፋይል የመስመር ምልክት ሲቀይር ይውላል።

እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኮምፒውተር እንዲያስተካክል መለመን ብዙም አያዛልቅም። ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ጊትአትሪቢዩትስ የተባለ ፋይል በፕሮጀክቱ ዋና ማህደር ውስጥ አስቀምጦ የጽሑፍ ፋይሎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ምልክት እንዲመዘገቡ ማዘዝ፣ ቀጥሎም ነባሮቹን በሪኖርማላይዝ አማራጭ አንድ ጊዜ አስተካክሎ ኮሚት ማድረግ (ለውጡን በጊት መመዝገብ) ይበቃል። የታብና የስፔስ ምርጫ ደግሞ በኤዲተርኮንፊግ ፋይል ውስጥ ከተጻፈ አብዛኞቹ ኤዲተሮች በቀጥታ ወይም በተጨማሪ ፕለጊን ያነቡታል።

ምልክት፦ ሪቪው (ባልደረባ የሌላውን ኮድ የሚገመግምበት ሥራ) ሁሉ በቅንፍና በስፔስ ክርክር ያልቃል።

ምክንያቱ ከሰዎቹ ግትርነት ይልቅ የተጻፈ ደንብ አለመኖሩ ነው። ያልተጻፈ ደንብ እንደ ገምጋሚው ስለሚለዋወጥ፣ አዲስ የገባ ባለሙያ ትናንት አንዱ ያጸደቀለትን አጻጻፍ ዛሬ ሌላው ይመልስበታል፤ እሱም በጊዜ ብዛት ኮዱን ትቶ የገምጋሚውን ፊት ማጥናት ይጀምራል።

ደንብ ከባዶ ለማርቀቅ መነሳት አያስፈልግም። ፓይተን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ፔፕ 8 የተባለ መመሪያ አለው፤ ለእያንዳንዱ የኢንደንቴሽን ደረጃ አራት ስፔስ፣ ለመስመር ርዝመት ቢበዛ 79 ቁምፊ ይደነግጋል። የሊነክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) በአንጻሩ ታብ የሚጠቀም ሲሆን የአንዱን ታብ ስፋት 8 ቁምፊ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለቱም ለዓመታት ግዙፍ ሥራ ተሸክመው ስለኖሩ፣ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ በእኔ ግምት ስብሰባ አይገባውም። ስብሰባ የሚገባው ደንቡን ማን ያስፈጽም የሚለው ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ ለማሽን ቢሰጥ ይመረጣል። ፎርማተር ከሚባሉት ፕሮግራሞች መካከል ለጎ ቋንቋ ጎፈምት፣ ለጃቫስክሪፕት ፕሪቲየር፣ ለፓይተን ብላክ ኮዱን ራሳቸው አስተካክለው ስለሚጽፉት፣ ገምጋሚው ስለ ስፔስ አስተያየት የሚሰጥበት ምክንያት አይኖርም።

ከጣዕም ያለፉ ደንቦችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአፕል የደህንነት ኮድ ውስጥ ቅንፍ ከሌለው የኢፍ ዓረፍተ ነገር (ሁኔታን ከሚፈትሽ ትእዛዝ) ስር «ጎቱ ፌይል» የሚለው፣ ቀሪውን ዘሎ ወደ ማብቂያው የሚወስድ መስመር ሁለት ጊዜ ተደግሞ ተገኘ። ሁለተኛው መስመር ወደ ውስጥ ገብቶ ስለተጻፈ ለዓይን የኢፉ አካል ይመስል ነበር፤ በተግባር ግን ሁልጊዜ ይፈጸም ስለነበር የሰርቨሩን ፊርማ የሚያረጋግጠው ክፍል ይዘለል ነበር። አንድ መስመር ለያዘ ኢፍም ቢሆን ቅንፍ ይደረግ የሚለው ደንብ በዚህ ምክንያት ለድርድር ባይቀርብ ጥሩ ነው።

ምልክት፦ ፎርማተሩ ያስተካከለውን መስመር ሊንተሩ (ኮዱን ፈትሾ ጥፋት የሚጠቁመው ፕሮግራም) ስህተት ነው ይላል።

ብላክ ካልተነገረው በቀር እስከ 88 ቁምፊ ይፈቅዳል፤ ፍሌክ 8 የተባለው ሊንተር ደግሞ ካልተነገረው በቀር ከ79 በላይ ሲሆን ያስጠነቅቃል። በሁለቱም ማስተካከያ ውስጥ አንድ ቁጥር ይጻፍ። አጻጻፉ በአንዱ ላፕቶፕ ላይ አልፎ በሌላው ላይ ከወደቀ ግን የፎርማተሩ ስሪት ስለሚለያይ ይሆናል፤ ስሪቱን በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ በቁጥር ማሰር ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ፎርማተሩ ከተተገበረ በኋላ ጊት ብሌም (እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የቀየረው ማን እንደሆነ የሚያሳየው ትእዛዝ) መስመሩን ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ አድርጎ ያሳያል።

ይህ የሚሆነው ማስተካከያው ከሌላ ሥራ ጋር ተቀላቅሎ ሲገባ ወይም ኮሚቱ ብሌም በሚዘላቸው ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ነው። ያልተዘጉ ፑል ሪኩዌስቶች (ኮድ ወደ ፕሮጀክቱ እንዲገባ የሚቀርቡ ጥያቄዎች) ጥቂት የሆኑበትን ቀን መርጦ፣ ከፎርማት በቀር ምንም የሌለበት ኮሚት መሥራት፣ ከዚያም የኮሚቱን መለያ ቁጥር ብሌም እንዲዘለው በተዘጋጀ ፋይል ላይ ማስፈር ይገባል፤ ጊት እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ 2.23 ስሪት ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ እያለ ኮዱ አሁንም የተለያዩ ሰዎች እንደጻፉት ያስታውቃል።

ፎርማተር ስም አያወጣም። በአገራችን ፕሮጀክቶች «ቀበሌ» የሚለው የመስክ (አንድ ዓይነት መረጃ የሚመዘገብበት ቦታ) ስም በአንዱ ፋይል በላቲን ኬ፣ በሌላው በላቲን ኪው ተጽፎ ይገኛል፤ ኮምፒውተሩም ሁለት የተለያዩ መስኮች አድርጎ ይወስዳቸዋል። ከዚህ የባሰው «ዓመት» ተብሎ የተሰየመ መስክ ነው፤ አንዱ ባለሙያ 2016 ብሎ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ሲመዘግብበት፣ ሌላው 2024 ብሎ የአውሮፓን ያስገባበታል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክለኛ ስለሚመስሉ ስህተቱን የሚያስጠነቅቅ ሊንተር የለም። ስለዚህ የመስኩ ስም አቆጣጠሩን ይዞ እንዲጻፍ መወሰን፣ ከአማርኛ የሚወሰዱ ስሞችም በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፉ የሚዘረዝር አጭር ፋይል በፕሮጀክቱ ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል። አዲስ ስም የሚያስገባ ሰው በዚያው ፑል ሪኩዌስት ስሙን በፋይሉ ላይ ይጨምራል፤ ከፎርማተሩ የተረፈው የግምገማ ጊዜም በዚህ ላይ ቢውል ተገቢ ነው።