ከእንስሳት አንድ ነገር ብትዋሱ፦ አመራረጡ እንዲህ ነው

ማኪያቶ ይዞ ከጓደኛ ጋር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በራሳችሁ ላይ የአንድ እንስሳ ችሎታ ቢጨመር የቱን ትመርጣላችሁ? አብዛኛው ሰው ሳያስብ «አንበሳ!» ይላል። አይፈረድበትም። ለገሃር ፊት ለፊት አንበሳ፣ ሆስፒታሉ ጥቁር አንበሳ፣ አውቶቡሱም አንበሳ። ግን አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። አደኑንም በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው። አለቃችሁ ይሄን ይቀበላል?

ስለዚህ ከእንስሳው አትጀምሩ፤ ከሚያማርራችሁ ነገር ጀምሩ። ትናንት ከቤት ወጥታችሁ እስክትገቡ ምን አስቸገራችሁ? አንዱን ብቻ ያዙ። «ኑሮ ከበደኝ» አይሆንም። «ፒያሳ ላይ መንገድ መሻገር ያቅተኛል» ይሆናል።

ቀጥሎ ለዚያ ችግር መላ ያላትን እንስሳ ፈልጉ። ለመንገድ የእኔ ምርጫ እስስት ናት። ሁለቱ ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ። አንዱ ከላይ የሚወርደውን ሚኒባስ፣ ሌላው ከታች የሚመጣውን ሞተር ሲያይ አስቡት። አንገት ማዞር የለም። የምትበላው ነፍሳት ሲገኝ ደግሞ ሁለቱንም ዓይኖቿን አንድ ቦታ ላይ ትተክላለች፤ ርቀቱን ለክታ ምላሷን ትወረውራለች። ስትጠይቁም ለይታችሁ ጠይቁ። «እስስት ልሁን» ሳይሆን «ዓይኗን ስጡኝ፣ እግሯ ይቅር»። በዚያ አረማመድ 4 ኪሎ የታክሲ ግፊያ ውስጥ ከገባችሁ አለቀላችሁ፤ ረዳቱ «ሞልቷል» ብሎ በሩን ይዘጋዋል።

የሰማችሁትንም አጣሩ። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው ግመል ታጓጓለች፤ በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ልትጠጣ ትችላለች። ሻኛዋ ውስጥ ያለው ግን ስብ እንጂ ውሃ አይደለም። ሻኛ የጠየቀ ሰው ከጀሪካኑ አይገላገልም። በዚያ ላይ አራት ሆነን በምንታጨቅበት የኋላ ወንበር ያንን ተሸክሞ ሲገባ ማን ዝም ይለዋል?

ከዚያ ዕዳው ይመጣል፤ ጨዋታው የሚጣፍጠውም እዚህ ጋ ነው። ጓደኛችሁ ዳኛ ይሁን። የእስስትን እግር ማስቀረት ይቻል ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን አይነጣጠልም። ጉጉት አንገቷን እስከ 270 ዲግሪ ታዞራለች። የምታዞረው ግን ዓይኖቿ ጉድጓዳቸው ውስጥ ስለማይንቀሳቀሱ ነው። አንገቱን የወሰደ ዓይኑንም ይወስዳታል። ቁርጥ ቤት ጎድን አዝዞ የጅብ መንጋጋ የተመኘም አለ። አጥንቱን በእርግጥ ያደቀዋል። «በጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው» ይባላልና ሒሳቡን ግን ቀድሞ ያስብበት።

ሐሳብ ካለቀባችሁ 4 ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቅርብ ነው። ጥርሱንና ጥፍሩን ከቅርብ ስታዩ ምርጫችሁን መቀየራችሁ አይቀርም። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ የዕዳውን ነገር ዝለሉት። እነሱ መብረር ብቻ ነው የሚፈልጉት።