ወጣት ብሔራዊ ቡድን እንዴት ይታያል?

«ዋልያዎቹ በወጣቶች ሊገነቡ ነው» በተባለ ቁጥር እንሞቃለን። ሁለት ጨዋታ ሲሸነፉ ደግሞ «ይበተን!» እንላለን። እኔም ብያለሁ። አሁን ግን ቡድኑን የማይበት መንገድ ተቀይሯል።

መጀመሪያ ጥሪ የደረሳቸውን ስም ዝርዝር እርሳው። አስር ታዳጊ መጥራት ቀላል ነው። ስልክህ ላይ ቋሚ አሰላለፉን ያዝ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የተጫወተውን ደቂቃ ጻፍ። በሚቀጥለው ጨዋታ ስንቱ ተመለሰ? ከአራት ጨዋታ በኋላም ያ «ተስፋ የተጣለበት» ልጅ ሁሌ 85ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ የሚገባ ከሆነ፣ በቃ ግንባታ የለም፣ ወሬ ነው።

ቀጥሎ ክለቡን እይ። ብሔራዊ ቡድን አብሮ የሚሠራው በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ክለቡ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የረሳውን ልጅ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ በሳምንት ልምምድ ተጫዋች አያደርገውም።

ዕድሜንም ጠርጥር። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ (የአጥንቱን ዕድገት በሚያሳይ ምስል) የሚያስመረምረው በከንቱ አይደለም፤ ጢሙን ተላጭቶ የሚመጣ «ታዳጊ» ዛሬ ጎል ያገባልሃል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የለም።

ጨዋታው ሲጀመር ኳሱን ብቻ አትከተል። በስሕተቱ ጎል እንዲገባብን ያደረገውን ወጣት ተከላካይ ቀጣዮቹን አስር ደቂቃ ተመልከተው። ኳስ ይጠይቃል ወይስ ይደበቃል? ከጎኑ ያለው አንጋፋ ያበረታታዋል ወይስ እጁን እያወናጨፈ ይጮህበታል? ለዚህ ነው ነባሮቹን ጠራርጎ ማባረር ግንባታ የማይሆነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ አንዱን ዳዋ ሆቴሳ ሲያገባ፣ ሌላውን ያገባው በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ የነበረው ሽመልስ በቀለ ነው። ደግሞ ያ «የሜዳችን» የተባለ ጨዋታ ማላዊ ላይ መደረጉን አትርሳ፣ ያለ ደጋፊ የሚጫወትን ልጅ ስትመዝን ይህንንም ቁጠርለት።

ውጤቱን መጨረሻ ላይ እይ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ 1 ነጥብ ይዛ ከምድብ ተሰናበተች። ከዚያ ታዳጊ ላይ ሠራች። በ2009 የአውሮፓ ከ21 ዓመት በታች ዋንጫ ካነሱት ውስጥ ኖየር፣ ሁሜልስ፣ ቦአቴንግ፣ ኬዲራና ኦዚል በ2014 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። 14 ዓመት! እኛ 14 ወር ይከብደናል።

ዝም ብለህ ታገስ ግን አልልህም። አስር ጨዋታ አልፎ ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች እነማን እንደሆኑ አሁንም ካልታወቀ፣ ማስታወሻህን አውጣና ጩኽ። ያኔ እኔም አብሬህ አለሁ።