ቲዲኤስ ሜትሩን ኪሳችሁ መልሱት

ከበሰበሰ ቅጠልና ሣር ወደ ግድብ የሚገባው ኦርጋኒክ ነገር ውኃውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ክሎሪን ሲያገኘው ደግሞ እንደ ክሎሮፎርም ያሉ ማንም የማይፈልጋቸው ውህዶች ይፈጠራሉ። እሱን ለማውጣት አኒዮን ሬዚን (ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለውን ነገር ከውኃ የሚይዙ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች) የምትተክሉ ልጆች ጥሩ ሥራ ይዛችኋል። ግን እባካችሁ፣ ያንን ቲዲኤስ ሜትር፣ ውኃ ውስጥ የሟሟ ጨው የምትገምቱበትን መሣሪያ፣ ተዉት!

ይደወልልኛል። «ጋሼ፣ ሬዚኑ ሞቷል፤ የገባውም የወጣውም ውኃ አንድ ነው።» በምን ለካችሁት? በቲዲኤስ ሜትር። ሜትሩ የሚያነበው እኮ ውኃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። የሬዚኑ ሥራ ደግሞ ልውውጥ ነው፤ ውኃውን ቢጫ ያደረጉትን፣ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸውን ሂውሚክና ፈልቪክ አሲዶች ይይዝና በምትካቸው ክሎራይድ ይለቃል። ታዲያ ቁጥሩ ለምን ይውረድ? ሬዚኑ በደንብ ሲሠራም እዚያው ነው፤ ደክሞ ምንም መያዝ ሲያቅተውም እዚያው ነው። አንዱ በዚህ ምክንያት አዲስ ሬዚን አውጥቶ ሊጥል ሲል ደረስኩበት። ሁለት ብርጭቆ ቀዳን፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥን፣ ከላይ ወደ ታች ተመለከትን፤ የገባው ቢጫ፣ የወጣው ጥርት ያለ። በቁጥር የሚፈልግ ሰው ናሙናውን አጣርቶ በ254 ናኖሜትር ምን ያህል ዩቪ ብርሃን እንደሚመጥ ይለካ፤ ኦርጋኒኩ ሲወጣለት የሚመጠው ይቀንሳል።

«ሶፍትነር (የውኃ ማለስለሻ) አለን፣ እሱ ይበቃናል» የሚሉም አሉ። የሶፍትነር ሬዚን የሚይዘው ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። አለቀ።

ክሎሪን ከሬዚኑ በፊት አትጨምሩ። ሬዚኑን ይበላዋል፤ የፈራችኋቸው ውህዶችም ቀድመው ተፈጥረው ይጠብቋችኋል።

ሬዚኑ የያዘውን እንዲለቅ በጨው ውኃ ሲታጠብ፣ እጥበቱ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። 10 በመቶ የጨው ውኃ ሲያልፍበት መጀመሪያ የሚወጣው እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረ ነው። ከዙር ወደ ዙር እየነጣ ከሄደና የተጣራው ውኃ ግን ቢጫነቱ ካልለቀቀው፣ ኦርጋኒኩ ሬዚኑ ውስጥ ተቀርቅሯል። ያኔ ጨው ብቻ መቆለል አያዋጣም፤ 10 በመቶ ጨው ላይ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ አድርጋችሁ፣ ለብ አድርጋችሁ ዘፍዝፉት። የሙቀቱን ልክ ከአምራቹ ወረቀት እዩ። ማሟሚያው ውኃ በሶፍትነር ያለፈ ይሁን፤ አለዚያ ኖራው ሬዚኑ ላይ ይጋገራል። ጓንትና መነጽር የሌለው አይጠጋ።

ውኃው ውስጥ ያለ ሰልፌትም ሬዚኑ ላይ ቦታ ይሻማል። ውኃውን ሳታስመረምሩ የሬዚን መጠን አትወስኑ።

መጋዘን ውስጥ የደረቀ ሬዚን ላይ ንጹሕ ውኃ አትድፉበት፤ በአንዴ አብጦ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በጠገበ የጨው ውኃ አርሱት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ አቅጥኑት።

ያ ጥቁር የጨው ውኃ የት እንደሚፈስ ደግሞ ሬዚኑን ከመግዛታችሁ በፊት ጨርሱ። የጎረቤት ጎመን ላይ የሚለቅ ካለ፣ ለእኔ አይደውል።