ሴንሰሮቼ መጥፋት ያቆሙት እንዲህ ነው

ከወጥ ቤት ማጠቢያው ስር ያስቀመጥኩት የውሃ ሴንሰር በቀን ሁለት ሦስቴ ከኔትወርክ ይጠፋ ነበር። የበሩም እንደዚያው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሴንሰሩን የገዛሁት ቧንቧ ክፍት ተረስቶ ቤቱ እንዳይጥለቀለቅ ነው፤ ስለዚህ መጥፋቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

መጀመሪያ ባትሪ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ሴንሰሮቹ የሚገናኙት በዚግቢ ነው፤ ትንንሽ የቤት መሣሪያዎች ያለ ገመድ የሚገናኙበት ዘዴ ነው። ዚግቢ ደግሞ እንደ ዋይፋይ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይሠራል። የእኔ ዚግቢ ቻናል 11 ላይ፣ ዋይፋዩ ቻናል 1 ላይ ነበር። ቁጥሩ ቢለያይም አየር ላይ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ። ይህን ሳላውቅ ስንት ቀን ለፋሁ! ዋይፋዩን ወደ ቻናል 11 አዛወርኩት። የዚግቢውን ግን አልነካሁም፤ እሱ ከተቀየረ ሴንሰሮቹን እንደገና ማገናኘት ሊያስፈልግ ይችላል።

በዚህ ብቻ አልተፈታም። የዚግቢው ዶንግል (የሴንሰሮቹን መልእክት የሚቀበለው ትንሽ መሣሪያ) ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካው ዩኤስቢ 3.0 ላይ ነበር። ዩኤስቢ 3.0 ራሱ በዚያው ሞገድ ላይ ረብሻ ይፈጥራል። አንድ ሜትር ተኩል በሚሆን ማራዘሚያ ገመድ አርቄ ዩኤስቢ 2.0 ላይ ሰካሁት። ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ጋ ነው።

የቀረው መብራት ሲሄድ ነበር። የወጥ ቤቱ ሴንሰር መልእክቱን የሚያሳልፈው ኮሪደሩ ላይ ባለው ስማርት ሶኬት በኩል ነው። በባትሪ የሚሠሩ ሴንሰሮች አንዱ የሌላውን መልእክት አያስተላልፉም። መብራት ሲሄድ ሶኬቱም አብሮ ይሞታል። እሱንም ራውተሩና ኮምፒውተሩ ያሉበት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ሰካሁት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አንዴም አልጠፋም።